ለአስፋልትም ለአቧራም

አንድ ወፍራም ሰውዬ ሰፈራችን ያለው ሳይክል ሠሪ ጋ እየመጣ የብረት ሳይክል በገዛ እጁ ይገጣጥማል። ሸሚዙ የተተኮሰ፣ ጥፍሩ ግራሶ የጠገበ። ብረቱን በጣቱ ኳ! ያደርግና እንደ ሐኪም ጆሮውን ይደቅናል። ይቺን ሳስመስላት ጓደኞቼ በሳቅ ይሞታሉ።

«ጋሼ፣ ወይ የአስፋልት ወይ የኮረኮንች ይሁን፣ ይለይለት» ይለዋል ሠሪው።

«የልጄ መንገድ ግማሹ አስፋልት ግማሹ አቧራ ነው፣ ምን ላድርግ?» ይልና ሰፊውን ጎማ ይገጥማል።

ልጁ ነርስ ናት። አውቶቡሱ አስፋልቱ ካለቀበት አያልፍም፣ ከዚያ እስከ ጤና ጣቢያዋ በእግሯ ነው። «ሰለቸኝ፣ እዚያው ቤት እከራያለሁ» ብላዋለች። ቤት ውስጥ ያሉት ደግሞ ሁለቱ ብቻ ናቸው።

ዛሬ ኮርቻውን ሊያስር ሲል ከኪሱ ሲባጎ አወጣ። የእግሯ ልክ ነው፤ ተኝታ ሳለች ለክቷታል።

«ኧረ አምጣትና ትቀመጥበት!» አለ ሠሪው።

«ቀድሜ ብነግራት እምቢ ትላለች። ተሠርቶ ቆሞ ካየችው ግን እምቢ ማለት ይከብዳታል።»

ሲጨርስ ሳይክሉን ትከሻው ላይ አነሳው።

«ጋሼ፣ ተገለበጠ እኮ! ሳይክሉ ነው ሰው የሚሸከመው» አልኩት።

«አውቃለሁ። የመጀመሪያውን አቧራ ግን እሷ ታስነሳው» አለኝና እያለከለከ ዳገቱን ወጣ።