ወለል ላይ የተሰመረችው ቀይ መኪና

በተሽከርካሪ ምርመራ ጣቢያው ውስጥ ስሟን የሚያውቀው የደመወዝ ክፍሉ ብቻ ነው። ሌላው ሰው ሁሉ «ሚሊሜትር» ይላታል። ቅጽል ስሙን ያወጣላት አንድ የተናደደ ባለታክሲ ነው፤ «ይቺ ሴትዮ ለአንድ ሚሊሜትር ከእናቷም ትጣላለች!» ብሎ ጮኸባት። «እናቴም ጠማማ መኪና ይዛ ከመጣች፣ አዎ» አለችው።

ሃያ ሁለት ዓመት መኪና ሥር ተኝታ ሠርታለች። ሙያውን ያስተማራት ታላቅ ወንድሟ ነው። አባታቸው ሲሞት ትምህርቱን ትቶ ላሜራ ቀጥቃጭ ሆነ፤ እሷንም አሳደጋት። «ሴት ልጅና ግራሶ ምን አገናኛቸው?» የሚሉትን ሁሉ «የራሳችሁን ቤት ሥራ ጨረሳችሁ?» እያለ፣ መዶሻና ሞረድ አስያዛት። ኋላ እሱ የራሱን ጋራዥ ከፈተ፤ እሷ ደግሞ ምርመራ ጣቢያ ተቀጠረች። ዛሬም ድረስ «ጋሼ» ነው የምትለው።

አንድ ማክሰኞ ጠዋት ጋሼ ራሱ አንዲት ባለሁለት ወንበር ቀይ የስፖርት መኪና እየነዳ ወደ ጣቢያው ገባ። ተጋጭታ የወደቀችውን ገዝቶ፣ ጠግኖ፣ ቀብቶ ሊሸጣት ነው። ገዢውም ከኋላው በእግሩ ተከትሎ ገባ፤ ሙሉ ልብስ የለበሰ ጡረታ የወጣ የአውቶቡስ ሾፌር።

ሚሊሜትር ወደ ኃላፊዋ ሄደች። «የወንድሜ መኪና ናት። ሌላ ሰው ይመርምራት።»

«ሻንሲ የሚያይ ሌላ ሰው የለኝም» አላት። «ደግሞ የወንድምሽ ከሆነች ቶሎ ትጨርሻለሽ።»

ሾፌሩ መኪናዋን እየዞረ ይዳብሳል። «ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ ስልሳ ሰው ከኋላዬ እየጮኸ ነዳሁ» አላት። «አሁን ማንም የማይጮህባት መኪና ነው የምፈልገው፣ እህቴ።»

መኪናዋ የጎማ ማሰለፊያው ማሽን ላይ ወጣች። ቁጥሮቹ በሙሉ አረንጓዴ ሆኑ። ኃላፊው ማኅተሙን አነሳ፤ ሾፌሩ ፈገግ አለ። ሚሊሜትር ግን ኮፈኑን ከፈተች። በቀኝ በኩል የብረቶቹን መጋጠሚያ የሸፈነው ማሸጊያ የፋብሪካ ነው፣ ወጥ ነው። በግራ በኩል ያለው የብሩሽ ጭረት አለበት። በጥፍሯ ጫር ጫር አደረገችው፤ ለስላሳ ነው። ከዚያ የእጅ ባትሪዋን ይዛ ከሥር ገባች።

የግራውን የፊት ጎማ የሚይዘው ብሎን ሥር ያለው ቀለበት አዲስ ነበር፤ ያብረቀርቃል። ብሎኑን ስትፈታው ቀዳዳው ክብነቱ ጠፍቶ እንደ እንቁላል ሞልሞል ብሏል። ነገሩ ገባት። የታጠፈው ብረት አልተቃናም፤ ቀዳዳው በሞረድ ሰፍቶ ጎማው ብቻ ተገፍቶ ቀጥ እንዲል ተደርጓል። አንድ እግሩ ያጠረ ሰው ጫማው ውስጥ ጨርቅ ጠቅጥቆ ቀጥ ብሎ እንደሚቆመው። ከላይ ሲያዩዋት ሙሽራ፣ ውስጧን ለቄስ።

ጣቷን በቀዳዳው ጠርዝ ላይ አሳለፈች። የሞረዱን አካሄድ አውቃዋለች፤ ጠርዙን ሁልጊዜ በሁለት ቀላል ምት የሚያለሰልስ አንድ ሰው ብቻ ነው።

ስትወጣ ጋሼ አጠገቧ ቆሟል። «አየሽው?» አላት በለሆሳስ።

«አየሁት፣ ጋሼ።»

«ማሽኑ አረንጓዴ ነው፤ መሪዋም ቀጥ ነው። ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል፤ ተዪው።»

«ዘንዶው ካለ ይውጣ።»

«በዚህ እጅ እኮ ነው ያሳደግሁሽ!»

«አዎ። ሞረዱን ያወቅሁትም ለዚያ ነው።»

ፊቱ ደም መሰለ። ኃላፊው ጣልቃ ገባ። «ማሽኑ አልፋለች ካለ አልፋለች።»

«ማሽኑ የለካው ጎማውን ነው። አጥንቷን፣ ሻንሲውን፣ ማንም አልጠየቀውም።»

ሾፌሩ እንኳ እጁን ዘርግቶ ለመናት። «እባክሽ እህቴ፣ ወድጃታለሁ። ትንሽ ነገር ከሆነ እለፊያት።»

ሦስቱም በአንድ ወገን ቆሙ፤ እሷ በሌላ። ክርክሩን ትታ ቱምቢ፣ ጠመኔና ሲባጎ አመጣች። መኪናዋን በአራት ድጋፍ ላይ አስቀምጣ፣ ሻንሲው ላይ ከፊት ሁለት፣ ከኋላ ሁለት፣ ግራና ቀኝ አቻ የሆኑ አራት ነጥቦች መረጠች። ከእያንዳንዱ ነጥብ ቱምቢውን ቁልቁል ለቀቀች፤ ጫፉ ያረፈበትን ሲሚንቶ በጠመኔ ምልክት አደረገችበት። «አሁን አውርዱና ግፏት» አለች።

መኪናዋ ተገፍታ ስትሄድ ባዶው ወለል ላይ አራት ነጭ ምልክቶች ቀሩ። የሲባጎውን አንድ ጫፍ ለሾፌሩ ሰጠችው። «የግራ ፊቱ ላይ ይያዙልኝ።» እሷ እስከ ቀኝ ኋላው ወጥራ ልክ ምልክቱ ላይ ቋጠረችው። «አሁን ወደ ቀኝ ፊቱ ይለፉ።» እሷም ወደ ግራ ኋላው ዞረች። ሻንሲው ቀጥ ያለ ቢሆን ሁለቱ ሰያፍ ርቀቶች እኩል መሆን ነበረባቸው። ቋጠሮው ግን ምልክቱ ጋ አልደረሰም፤ አሥራ አራት ሚሊሜትር ጎደለው።

ሾፌሩ በሱፍ ሱሪው ተንበርክኮ አየው። ተነስቶ ደግሞ ራሱ ወጠረው። ያው ነው።

«ፍሬን ስይዝ ምን ትሆናለች?» ሲል ጠየቃት።

«ቀስ ብለው ሲነዱ ምንም አትሆንም። በፍጥነት እየሄዱ ሲይዙ ወደ አንድ ጎን ትስባለች። የሰፋው ቀዳዳ ደግሞ ብሎኑን ጠበቅ አድርጎ አይይዘውም፤ አንድ ቀን ይሸሻል።»

ሰውዬው ጉልበቱን አራገፈ። «ሠላሳ አራት ዓመት ሰው ሳልገድል ነድቼ፣ በጡረታዬ ራሴን አልገድልም» አለና ማንንም ሳይሰናበት ወጣ። አላመሰገናትም።

ኃላፊው «ወረቀቱ ላይ ‹ቀላል ጉድለት› ብለሽ ጻፊ» አላት። እሷ ያየችውን ሁሉ ከነልኩ ጻፈችና ፈረመች። «እኔ ማኅተም አላሳርፍበትም» ሲላት፣ «ማኅተሙ የእርስዎ ነው፤ ፊርማው የእኔ» አለችው።

በማግስቱ በር ላይ ተመደበች፤ ፀሐይ ላይ ቆማ መብራትና ጎማ እንድታይ። የሥራ ባልደረቦቿ «እንግዲህ እዚህ ምን ትለኪያለሽ?» ብለው ሲያሾፉባት፣ «የጎማ ጥርስም በሚሊሜትር ነው» አለችና፣ በመጀመሪያው ሳምንት አሥራ ሰባት መኪና መለሰች፤ አንዱ የኃላፊው ነበር።

ጋሼ ከአንድ ወር በላይ አላናገራትም። ስትደውል አያነሳም፤ ቤቱ ስትሄድ ሚስቱ በር ላይ «ተኝቷል» ትላታለች፣ ከውስጥ ሲስል እየተሰማ። ከፋት፤ አለቀሰችም። ይቅርታ ግን አልጠየቀችም።

አንድ ቅዳሜ ረፋድ ላይ ስልኳ ጮኸ። «ቆረጥኩት» አላት ያለ ሰላምታ።

«ምኑን?»

«የግራውን ብረት። ሙሉውን። አዲስ በይጄበታለሁ። ሌላ ገዢ መጥቶ ነበር፤ ሚስቱ እርጉዝ ናት። እጄ አልታዘዝ አለኝ። ነይና ለኪው።»

ሄደች። ጋራዡ ውስጥ ቀዩ ቀለም ተልጦ፣ መኪናዋ በሰንሰለት ተወጥራ ቆማለች። ሁለት ጊዜ ለካች። ጋሼ እጁን አጣጥፎ ዓይን ዓይኗን ያያል።

«ሦስት ቀረህ» አለችው።

«ሦስት ሚሊሜትር? ይቺን ማን ያያታል!»

«እኔ አይቻታለሁ። አላለፈችም።»

ጓንቱን አውልቆ መሬት ላይ ወረወረው። ተሳደበ፤ እሷን ይሁን መኪናዋን አልለየም። ጋራዡን አንድ ጊዜ ዞረ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ ጓንቱን አነሳና፣ «ነይ ያንን ሰንሰለት ያዢልኝ» አላት።