አቶ በእጄና የሳሎናቸው ግድግዳ

የሰፈሩ ሰው ሁሉ «አቶ በእጄ» ነበር የሚላቸው። ቧንቧ ቢያፈስ፣ በር ቢጣመም፣ ወንበር ቢወላገድ፣ «በእጄ እያለ ለሰው ምን አስለመነኝ!» ስለሚሉ ነው ስሙ የወጣላቸው። እሳቸው የነኩት ቧንቧ ከዚያ በኋላ ብሶበት ያፈሳል፤ በሩ እንደ ድሮው መዘጋቱ ቀርቶ መከፈትም ያቅተዋል። ወንበሩን ተዉት፣ የተቀመጠበት ያውቀዋል።

ሠላሳ አንድ ዓመት መዝገብ ቤት ሠርተዋል። በዚያ ሁሉ ዘመን እጃቸው ከማኅተም የከበደ ነገር አንስቶ አያውቅም። ጡረታ በወጡ በሳምንቱ ግን ስልካቸው ላይ አንድ ቪዲዮ አዩ። አንዲት ፈገግታ የማይለያት ሴት በአቼቶ ምድጃ ታጸዳለች፣ ከአሮጌ ሸሚዝ የትራስ ልብስ ትሰፋለች፣ «ሁሉም በቤታችን አለ!» ትላለች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቤታቸው ውስጥ ሰላም የሚባል ነገር ጠፋ።

ባለቤታቸው አዋላጅ ናቸው። ቀኑን ሙሉ የሰው ልጅ ሲቀበሉ ውለው ማታ ሲገቡ፣ ቤቱ አንድ ነገር ጎድሎበት ወይም ተጨምሮበት ይጠብቃቸዋል። አንድ ቀን የመጋረጃው ግማሽ የጠረጴዛ ልብስ ሆኖ አገኙት። ሌላ ቀን ደግሞ ለልጃቸው ሠርግ የተገዛው የባላቸው ሱሪ ሁለት ትራስ አልብሶ ሶፋው ላይ ተጋድሟል።

«ከነዚፑ?» አሉ ባለቤታቸው ቦርሳቸውን ሳያስቀምጡ።

«ሲቆሽሽ አውልቆ ለማጠብ ነዋ! አስቤበት ነው።»

ያቺ የተዳረችው አንድ ልጃቸው ናት፤ ያገባችውም ቀለም ቀቢ ነው። አቶ በእጄ ጋብቻውን የሰሙ ዕለት «አስተምሬ አስተምሬ ለባልዲ ተሸካሚ!» ብለው ሁለት ቀን አኩርፈው ተኝተዋል። በሠርጉ ላይም አማቻቸውን ሲጨብጡ ዓይናቸው ጥፍሩ ሥር የደረቀው ቀለም ላይ ነበር። ከዚያ ወዲህ ስሙን አይጠሩትም፤ «ሰውዬው» ነው የሚሉት።

አንድ ሰኞ ልጅቱ ደውላ እሁድ ለምሳ እንደሚመጡ ተናገረች። እናትየው ስልኩን ዘግተው የሳሎኑን ግድግዳ አዩት። ከወለሉ ጀምሮ እስከ ወገብ ድረስ ጠቁሯል፣ አብጧል፣ ሻጋታ አውጥቷል።

«እስቲ ለልጃችን ባል ልንገረው፤ መጥቶ ይይልን» አሉ።

«ለሰውዬው? ቀለም መቀባት ደግሞ ምን ሙያ አለው? ብሩሹን ታጠልቂያለሽ፣ ታወጪያለሽ፣ ላይ ታች ትያለሽ። እሁድ ሲመጣ ዓይኑ ያየዋል!»

ሐሙስ ዕለት ከሻጋታው ጀመሩ። በረኪና ያነጣል፤ አቼቶ ያጸዳል። አንድ አንዱ ይህን ያህል ከሠራ ሁለቱ ቢደባለቁማ ብለው መታጠቢያ ቤት ገቡ፤ ሽታው ጎረቤት እንዳይረብሽ በሩን ዘጉና ባልዲው ውስጥ ቀላቀሉት። ትንሽ ቆይቶ ጎረቤታቸው ባለሱቋ ሳላቸውን ከመንገድ ማዶ ሰማች። ሮጣ ገብታ አንገትጌያቸውን ይዛ ወደ ደጅ ስትጎትታቸው ዓይናቸው በርበሬ መስሏል፣ እንባቸው ይወርዳል፣ ቃል አይወጣቸውም።

ባለቤታቸው ከሥራ ተጠርተው መጡ። ትንፋሻቸውን አዳመጡ፣ ዓይናቸውን በውሃ አጠቡላቸው፣ ደህና መሆናቸውን ሲያረጋግጡ ንግግር ጀመሩ።

«እያለቀሰ ወደዚህ ዓለም የሚመጣ ሰው ስቀበል ነው የኖርኩት። በስልሳ ዓመቱ ከመታጠቢያ ቤት እያለቀሰ የወጣ ግን አንተ የመጀመሪያው ነህ። በረኪናና አቼቶ ሲገናኙ መርዝ ነው የሚሆኑት! የቪዲዮዋ ሴትዮ አልነገረችህም?»

አቶ በእጄ በጨርቅ አፍንጫቸውን አበሱና፣ «ቪዲዮውን አልጨረስኩትም» አሉ።

ሌላ ሰው ቢሆን እዚህ ላይ ያቆም ነበር። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ እሳቸው ደግሞ ዕድሜያቸውን ወረቀት ይዘው የኖሩ ሰው ናቸው። አርብ ጠዋት ከየጎረቤቱ የቀለም ትራፊ ለቀሙ፦ ከባለሱቋ ሰማያዊ፣ ከትምህርት ቤቱ ዘበኛ የአጥር ቢጫ፣ ከአናጺው ግማሽ ጣሳ ቡናማ። ሁሉንም አንድ ባልዲ ውስጥ ገለበጡ፤ እንዲበረክት ኖራ፣ እንዲይዝ ደግሞ ኮላ ጨመሩበት። እብጠቱን መፋቅ፣ እርጥቡን ማድረቅ የሚባል ነገር አልታያቸውም። «ቀለም የተፈጠረው ለመሸፈን አይደል?» አሉ። ቅዳሜ ማታ ጨረሱ።

ባለሱቋ ብቅ ብላ ግድግዳውን ስታይ እጇን አፏ ላይ ጫነች። «ጋሼ፣ ይሄ… ምን ዓይነት ቀለም ይባላል?»

«ዘመናዊ።»

እሁድ እንግዶቹ መጡ። ምሳው ቀረበ። አማችየው ገና ሲገባ ግድግዳውን አንድ ጊዜ አይቶ አቀርቅሮ ነበር፤ አቶ በእጄ ግን እንዲያቀረቅር አልፈቀዱለትም። ጀርባቸውን ለግድግዳው ሰጥተው ንግግር ጀመሩ።

«እናንተ ሙያ ሙያ እያላችሁ ሰው ታስፈራራላችሁ። ይኸው! በሁለት ቀን፣ ያለ ማንም—»

ከኋላቸው ትር የሚል ድምፅ ተሰማ። ቀለሙ ከላይኛው ጫፍ ተላቀቀ፤ እንደ አንሶላ ተጠቅልሎ ቀስ እያለ ወረደና ትከሻቸውንና ሳህናቸውን አንድ ላይ አለበሳቸው። ልጅቱ ሳቋን ለመዋጥ ወደ ወጥ ቤት ሮጠች።

አማችየው አልሳቀም። ተነሥቶ ቀለሙን ከትከሻቸው ላይ አነሣላቸው። ከዚያ አውራ ጣቱን የተራቆተው ግድግዳ ላይ ጫን አድርጎ፣ እንደ ሐኪም ጆሮውን አስጠጋ።

«አባባ፣ ቀለሙ ምንም አላጠፋም። ግድግዳው ነው ውሃ የሚጠጣው።»

በጓሮ በኩል ዞረው አዩ። ግድግዳው ውስጥ የሚገባው ቧንቧ መገጣጠሚያው ላይ በብስክሌት ጎማ ቁራጭና በገመድ ተጠፍንጓል፤ ከሥሩ ውሃው ጠብ ጠብ ይላል።

«ይሄን የጠገነው ማነው?» አለ አማችየው፣ ምንም ሳይጠረጥር።

ባለቤታቸው ወደ አቶ በእጄ እያዩ፣ «በእጁ» አሉ።

አቶ በእጄ መሬት ብትውጣቸው በወደዱ። ጡረታ ከወጡ ወዲህ ግድግዳቸውን ሲያጠጡ የኖሩት እሳቸው ራሳቸው ናቸው። ይበልጥ ያሳፈራቸው ግን አማችየው አለመሳቁ ነው። ቢስቅባቸው ኖሮ ቢያንስ ይቆጡ ነበር።

ቧንቧው በማግስቱ ተቀየረ። አማችየው ከሥራ መልስ እየመጣ እብጠቱን ፋቀ፣ ከዚያ ሦስት ሳምንት ይድረቅ ብሎ ተወው። አቶ በእጄ በየጠዋቱ ግድግዳውን በመዳፋቸው እየነኩ «ደርቋል» ይሉታል፤ እሱ ማታ በአውራ ጣቱ እየነካ «አልደረቀም፣ አባባ» ይላቸዋል። ሲደርቅ ቀዳዳውን የሚደፍነውን ስቱኮ መታው፣ በብርጭቆ ወረቀት አለሰለሰው፣ ሁለት እጅ ነጭ ቀባው። እሳቸው መሰላል ያዙ። ከታች ሆነውም «ወደ ግራ! እዚያች ጋ ቀርታሃለች!» እያሉ አዘዙ። የቀረች ቦታ አልነበረችም።

ሥራው ሲያልቅ ጎረቤት ሊያይ መጣ። አቶ በእጄ መሀል ቆመው፣ «ዋናው መሠረቱን ማድረቅ ነው። እኛ ሦስት ሳምንት ነው ያደረቅነው» እያሉ ያስረዳሉ።

ባለቤታቸው ከኋላ ሰሟቸው። «አይገርማችሁም፤ ኮሪደር ላይ ቆሞ ሲንቆራጠጥ ያደረ ባል ሁሉ ጠዋት ‹ወለድን› ነው የሚለው» አሉ። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። አቶ በእጄም ዘግየት ብለው ሳቁ፤ ነገሩ የገባቸው ግን ማታ ነው።

ዛሬ ሰፈሩ ውስጥ ቀለም የሚያስቀባ ሰው ሲገኝ ቀድመው የሚደርሱት እሳቸው ናቸው። «ልጄን ላምጣላችሁ» ይላሉ። «ሰውዬው» ማለት ቀርቷል። መሰላሉ አጠገብ ቆመውም ያላሠለጠኑትን ሰው እንዳሠለጠኑ ያወራሉ። ልጅቱ አንድ ቀን በግና ባሏን፣ «ዝም የምትላቸው እስከ መቼ ነው?» ብትለው፣ ብሩሹን እያጠበ፣ «በዚህ ወር አራት ቤት አምጥተውልኛል» አላት። «ሌላ አሠሪ ቢሆን ደግሞ መሰላሉን አይዝልኝም።»