የስማቸው የኋላ ግማሽ

ጎመኑን የምቆርጠው፣ ሣሩን የማጭደው፣ ሣጥኑን የምጠርገው እኔ ሆኜ ሳለ፣ እነዚያ ሁለት እንስሶች ለምን ለአከራዬ ይጮኹ ነበር? ብዙ ዓመት አስቤበታለሁ።

ጊዜው የዘጠናዎቹ መጀመሪያ ነው። ከደሃና ወደ ሰቆጣ የመጣሁት በሃያ ስድስት ዓመቴ፣ ሰባተኛ ክፍል ልማር ነው። ክፍል ውስጥ በዕድሜ የሚበልጡኝ አስተማሪዎቹ ብቻ ነበሩ፤ እነሱም ሁሉም አይደሉም። የተከራየሁት ከትምህርት ቤቱ አጥር ማዶ፣ ባላቸው የሞተባቸው አንዲት ሴት ግቢ ነው። እማማ እላቸዋለሁ። ብቻዋን ለምትኖር ሴት ክፍል የሚያከራይ ፍለጋ ሁለት ሳምንት ዞሬያለሁ። ያቺን ክፍል ካጣሁ ትምህርቴን ትቼ ወደ ደሃና እንደምመለስ ሁለታችንም እናውቃለን።

ከሰዓት በኋላ የውኃ ጉድጓድ የሚያስቆፍር ፈረንጅ ቤት አጸዳ ነበር። ሥራው አልቆ ሲሄዱ ሚስቱ የልጃቸውን ሁለት እንስሶች ከነሣጥናቸው፣ ከአንዲት ቀጭን የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ጋር ሰጠችኝ። አይጥ እንዳይባሉ ጭራ የላቸውም፤ ጥንቸል እንዳይባሉ ረጅም ጆሮ የላቸውም። አንዷ ቡናማ፣ ሌላዋ ቡራቡሬ ናት። ስማቸውን ስትነግረኝ እኔ የሰማሁት «ጊኒፒ» የሚል ነው።

እማማ በሩ ላይ ቆመው ሣጥኑን አዩ።

«ምንድን ነው እሱ?»

«ጊኒፒ ይባላል፣ እማማ።»

«ጂኒ?» ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ አሉ። «በስመ አብ! ጂኒ በሣጥን ይዘሽ ቤቴ ትገቢያለሽ?»

«ጂኒ አይደለም፤ ጊኒ። በገ ፊደል።»

«በገም ሆነ በጀ ቤቴ አይገባም።»

«የፈረንጅ ሽኮኮ ነው» አልኩ።

ሽኮኮ በየገደላችን ሞልቷል፤ ማንም አይፈራውም።

«እንዲያ አትይም ታዲያ» አሉና አሳለፉኝ።

ማታውኑ መጽሐፏን በመዝገበ ቃላት መፍታት ያዝኩ። ሥራ በሥርዓት ስለምወድ ከሽፋኑ ጀመርኩ። የርዕሱ የመጀመሪያ ቃል መዝገበ ቃላቴ ውስጥ የለም። ሁለተኛው፣ «ፒግ» የሚለው፣ አለ፤ ትርጉሙን «አሳማ» ይላል። ተሳስቶ ይሆናል ብዬ በማግሥቱ የትምህርት ቤቱን አየሁ። እሱም አሳማ ነው የሚለው።

የስማቸው የፊት ግማሽ እማማን አስደንግጧል፤ የኋላው ግማሽ እኔን አስደነገጠኝ። እማማ ያን ቃል በስህተት ከተናገሩ አፋቸውን የሚጉመጠመጡ ሴት ናቸው። ዝም አልኩ። መጽሐፏ ለእንስሶቹ ስም አውጡላቸው ትላለች። አላወጣሁም፤ ያላቸው ስም ይበቃ ነበር።

የድምፁን ምዕራፍ ግን በደንብ አጠናሁት። ረጅምና ወፍራም «ኩርርር» ደስታ ነው። ያው ድምፅ አጭርና ቀጭን ሲሆን «ተዪኝ» ማለት ነው። ጥርስ ማንቀጫቀጭ ቁጣ ነው። እኔ ብርድ መስሎኝ ብርድ ልብስ ደርቤባቸው ነበር፤ ባሰባቸው። «ዊይክ!» የሚሉት የሚወዱት ነገር ሲመጣ ነው። አንዱን ዓረፍተ ነገር «በጣም ሲደሰቱ ፈንድሻ ይሆናሉ» ብዬ ተርጉሜ፣ ቡራቡሬዋ ከመሬት ተፈናጥራ እስካያት ድረስ ትርጉሜን እጠራጠር ነበር።

አዲስ እንስሳ ስለማላመድ ደግሞ መሬት ላይ ተቀመጡ፣ አትያዟቸው፣ ራሳቸው ይምጡ ትላለች። በየቀኑ ሰዓት ይዤ አሥራ አምስት ደቂቃ ተቀመጥኩ። ቡናማዋ ጥግ ይዛ ጥርሷን ታንቀጫቅጫለች። ደብተሬ ላይ «ቁጣ» ብዬ ጻፍኩ። በማግሥቱም «ቁጣ»። በሦስተኛው ቀን «እንደ ትናንቱ»።

እማማ በዚያ ሰሞን ለደብራቸው መጋረጃ የሚሆን ፈትል ይፈትሉ ነበር፤ ስለት ነው። የእኔ በር ፀሐይ ስለሚያገኝ ደጃፌ ላይ ሁለት ሰዓት ያህል ይቀመጣሉ። እንዝርታቸውን እያሾሩ ለራሳቸው በኽምጥኛ ያጉተመትማሉ፤ ወደ ሣጥኑ አያዩም። በዘጠነኛው ቀን ቡናማዋ ወጣች። እኔን አልፋ ሄደች። የተነደፈው ጥጥ ያለበት ቅርጫት ውስጥ ገባችና ተመቻችታ ተኛች።

«ኩርርር» አለች። ረጅም፣ ወፍራም። ገጹን ሁለት ጊዜ አመሳከርኩ።

«እማማ፣ ተስማምቶኛል እያለች ነው።»

«እሱንማ ሰማሁ። ምንድን ነው የሚበሉት?»

«ጎመን፣ ሣር፣ ካሮት።»

«ወተትስ? ሥጋስ?»

«በጭራሽ።»

«እንግዲያ ዓመቱን ሙሉ ጿሚ ናቸዋ!» በአጥሩ ላይ ወደ ጎረቤታቸው ጮኹ። «ሰማሽ አንቺ? ሁዳዴ የለ፣ ፍስክ የለ፣ ሁልጊዜ ጾም ናቸው። ከባልሽ ይሻላሉ!»

«እሱንማ ማን የማይሻለው አለ» አለች ጎረቤት።

ከዚያ ወዲህ እማማ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ፣ የቆርቆሮው በር ገና ሲንኳኳ ሁለቱም «ዊይክ!» ይላሉ። እኔ ጎመን ይዤ ስገባ ዝም።

ቡናማዋ በየቀኑ ቅርጫቱ ውስጥ ትተኛለች። እማማ ዓይናቸው ደክሟል፤ እኔ ግን ጥጡ ውስጥ ቡናማ ጠጉር አያለሁ። እሳቸው ሳይኖሩ እለቅም ነበር። አንዴ ከተፈተለ ግን አይወጣም። የአሳማ ስም ያለው እንስሳ ጠጉር መቅደሱ ውስጥ ሊሰቀል ነው። ብናገር ክፍሌን አጣለሁ፤ ባልናገር የሴትዮዋን ስለት አበላሻለሁ። ፈተና ይለፍ አልኩ። ፈተና አለፈ። ክረምት ይውጣ አልኩ። ክረምትም ወጣ።

አንድ ቀን እማማ ልቃቂቶቹን ነጠላ ላይ ደረደሩ። «ነገ ለሸማኔው እሰጣለሁ» አሉ፤ አንዲት የቀረቻቸውን እየፈተሉ።

መጽሐፏን ይዤ ፊታቸው ቆምኩ።

«እማማ፣ ሽኮኮ አይደሉም።»

«አውቃለሁ። ያደግሁት ገደል ሥር ነው።»

«ስማቸው በእንግሊዝኛ አሳማ ነው።»

እንዝርቱ ቆመ። ቃሉን የተናገርኩት እኔ ብሆንም፣ ተነሥተው ወጡና አፋቸውን ተጉመጠመጡ። ተመልሰው ቡናማዋን ከቅርጫቱ አነሡ፤ እግሯን ወደ ብርሃን አዙረው በጣታቸው ዳሰሱ።

«ሰኮና የላትም። ጣት ነው ያላት። ማነው እንዲያ ያላት?»

«ፈረንጆች።»

«ዋናውን አይተው አያውቁም?»

መጽሐፏ ስለዚያ የምትለው ነገር የለም።

እማማ ልቃቂቶቹን አንድ በአንድ ወደ ነጠላው መሐል ሰበሰቧቸው። የአምስት ወር ሥራ ነው።

«ስሙ ከተጠራ በኋላ ለደብር አይሆንም» አሉ። «ለራሴ ጋቢ ይሁን። ለመጋረጃው ከነገ ጀምሬ ሌላ እፈትላለሁ፤ እዚያው እኔ ቤት፣ በሩን ዘግቼ። ቀደም ብለሽ ብትናገሪ ጥሩ ነበር።»

«ክፍሉስ፣ እማማ?»

«ክፍሉ ምን ሆነ?»

ቡናማዋ ጭናቸው ላይ «ኩርርር» አለች።

«እሷስ ስሟን ታውቃለች?» አሉኝ።

«አይመስለኝም።»

«አትንገሪያት።»