አቁማዳው ላይ የተቀመጠችው እናቴ

ትናንት ጊዮርጊስ አጠገብ ዝናቡ አቧራውን ሲነካው የመሬቱ ሽታ አወደኝ። ሰው ሁሉ ሊጠለል ሲሮጥ እኔ ቆሜ አሸተትኩ። በዚህ ውፍረቴ ብሮጥም ዝናቡ ይቀድመኛል።

ልጅ ሆኜ እሪ በከንቱ ስንኖር የዓመት ቀለባችን አባቴ ከከተማ ወጣ ብሎ ከሚያርሳት የገብስ ማሳ ነበር። አንድ ዓመት ዝናቡ ቀድሞ ጣለና አባቴ ዘሩን በሙሉ ሊጭን ተነሳ። እናቴ አንዱ አቁማዳ ላይ ተቀመጠችበት።

«ተነሺ እንጂ፣ ሰው ሁሉ ዘርቶ ጨርሷል» አላት።

«ግማሹን ይውሰዱ። ይሄ ዝናብ ደጅ ቆሞ ሰላም አለ እንጂ ገና አልገባም።»

እኔ ለቆሎ የደበቀችልን መስሎኝ ዘወር ስትል አንድ እፍኝ ቃምኩ። ለካ ነቀዝ እንዳይበላው በአመድ ታሽቷል፤ አፌ ምድጃ ሆነ። እናቴ ከንፈሬን አይታ «የዛሬ ዓመት የምትበዪውን ነው የበላሽው» አለችኝ። እኔ የበላሁት ገና አሁን ስለሆነ ግራ ገባኝ።

ከዚያ ዝናቡ ጠፋ። አባቴ የዘራው ቡቃያ ማሳው ላይ ደረቀ። አይቶት ሲመለስ እራት እንኳ አልጠየቀም። ከሦስት ሳምንት በኋላ ደህና አድርጎ ሲዘንብ እናቴ አቁማዳውን ራሷ ጎትታ አወጣችለት።

ኅዳር ላይ ገብሱ በአህያ ተጭኖ ሲገባ አባቴ ለጎረቤቱ «ግማሹን እናስቀር ብዬ እኮ ነው» ይላል። እናቴ አላረመችውም። ረጅም ትንፋሽ ተንፍሳ፣ ከነነጠላዋ ጋደም ብላ እንቅልፍ ወሰዳት።

ትናንት በስብሼ ቤት ስገባ ልጄ «ምን ሆነሽ ነው እማዬ?» አለችኝ።

«ምንም፣ ክረምቱ ገብቶ ነው» አልኳት።