ድንጋዩን ያነሳው እጅ

ሰሊጥ ሹም አያከብርም። ማሽላ ይታገሣል፤ ባለቤቱ ቢዘገይበትም ቆሞ ይጠብቃል። ሰሊጥ ግን ከደረሰ ደረሰ ነው። ቅጠሉ ቢጫ ብሎ ከታች መርገፍ ሲጀምር ካልታጨደ፣ ቅርፊቱ ራሱ አፉን ይከፍትና የዓመት ልፋት መሬት ላይ ይፈሳል። መተማ ቆላ ያደገ ሁሉ ይህን ሳይነግሩት ያውቃል። ጣሊያን ግን አያውቅም ነበር፤ ቢነግሩትም አልሰማም።

ይህን የምጽፈው ልጆቼ “በጣሊያን ጊዜ እናንተ ምን ታደርጉ ነበር?” እያሉ ስለሚጠይቁኝ ነው። ጫካ ገብተው የተዋጉትን ሰዎች ታሪክ ሌላ ይጻፈው፤ እኔ ጫካ አልገባሁም። ያልሠራሁትን ሠራሁ አልልም። ገበሬ ነበርኩ። የኔታ ፊት ተቀምጬ አልተማርኩም፤ በቃሌ የማውቀውን ዳዊት ከመጽሐፉ ጋር እያስተያየሁ ፊደሉን በራሴ የለየሁ ሰው ነኝ። አጻጻፌ ቢጎረብጥ ታገሡኝ፤ ነገሩ ግን እውነት ነው።

ጣሊያን መተማን እንደያዘ፣ ከሱዳን በሚለየን ደረቅ ወንዝ ዳር፣ እኛ ኮር በምንለው፣ የቆርቆሮ ፖሊስ ጣቢያ አቆመ። አለቃው አንድ ጣሊያን መኮንን ነበር። አስካሪዎቹን፣ ለጣሊያን ያደሩትን ቅጥር ወታደሮች፣ የሚያዛቸው ደግሞ ከመረብ ማዶ የመጣ፣ አማርኛ አጣርቶ የሚናገር ሹምባሽ ነበር፤ መኮንኑ የሚለውን ለእኛ የሚተረጉመውም እሱ ነው። ከገበያ ቀን በቀር ሰው ተሰብስቦ መቆም ተከለከለ። ለለቅሶ እንኳ ፈቃድ ይጠየቅ ነበር። ሰው አልቅሶ ለመቅበር ፈቃድ ሲጠይቅ ያየ፣ ነፃነት ምን እንደሆነ ሌላ አስተማሪ አያሻውም።

አንድ ጥቅምት፣ ሰሊጡ ቢጫ ማለት በጀመረበት ሰሞን፣ ከየቤቱ ጉልበት ያለው ወንድ ሁሉ ለመኪና መንገድ ድንጋይ ሊፈልጥ ይውጣ ተባለ። ሦስት ሽማግሌዎች “አጭደን እስክንጨርስ ይታገሡን፤ ከዚያ እንወጣለን” ሊሉ ወደ ጣቢያው ሄዱ። ከሦስቱ አንዱ አማቴ፣ የባለቤቴ አባት ነበሩ። መኮንኑ ንግግራቸውን እንኳ አላስጨረሳቸውም። “ሕዝብ ታሳምፃላችሁ” ብሎ የቆርቆሮ መጋዘን ውስጥ ቆለፈባቸው። ቅዳሜ ዕቃ የሚያመጣው ካሚዮን ሲመለስ ወደ ጎንደር ጭኗቸው ይሄዳል ተባለ። በዚያ ካሚዮን ተጭኖ ሄዶ የተመለሰ ሰው አላየንም ነበር። አማቴ ደግሞ ንዳድ ይዟቸው ነበር የሄዱት። የቆላ ቀትር በቆርቆሮ ሥር ምን እንደሚያደርግ የቀመሰ ያውቀዋል።

ባለቤቴ አጥሚት ይዛላቸው ሄደች፤ ከበር መለሷት። ስትመለስ አላለቀሰችም። አጥሚቱን ለልጆቹ አጠጣችና ነጠላዋን አደግድጋ ወደ ጎረቤት ወጣች።

ዓርብ ከሰዓት በኋላ፣ የማሽላ አውድማ እንለቀልቃለን ብለን ከቁርቁራው ዛፍ ሥር ተሰበሰብን። እበቱ ቀርቦ ነበር፤ አስካሪ ቢመጣ እጃችንን እንድንነክር። ጎረምሶቹ ጠመንጃ ያለው ይውጣ አሉ። ጠመንጃ ያለው ግን አስቀድሞ ጫካ ገብቶ ነበር። ከጎጃም መጥቶ አብሮን የሚያርስ አንድ ሰው “እንማልድ እንጂ” አለ። “ድንጋይ በአንገታችን ተሸክመን በሩ ላይ እንቁም።”

ይህ ልማድ ዛሬ እየቀረ ስለሆነ ላስረዳ። በአገራችን የበደለ ሰው ይቅርታ ሲለምን ድንጋይ በማጅራቱ ተሸክሞ ከተበዳዩ ፊት ይቆማል። ተበዳዩ ከማረው ድንጋዩን በገዛ እጁ ያነሳለታል። ድንጋዩ ከአንገት ከተነሳ ነገሩ ያበቃል። ከዚያ በኋላ ቂሙን መልሶ የሚቆሰቁስ ከሰው አይቆጠርም።

እኔ ተቆጣሁ። “ድንጋይ የሚሸከም በደለኛ ነው” አልኩ። “እኛ ማንን በደልን? አገራችን ድረስ መጥቶ፣ ሽማግሌ አስሮ፣ ማሩን እንበለው?”

ከሴቶቹ በኩል ባለቤቴ ተነሳች። በሰው ፊት ብዙ የማትናገር ሴት ናት።

“እውነትህን ነው፤ አትሸከም” አለችኝ። “ነገ አባቴ ካሚዮን ላይ ሲወጡ ያንተን ኩራት አብሬ እጭንላቸዋለሁ። ለመንገድ ስንቅ ይሆናቸዋል።”

ሰው ሁሉ ሳቀ። ጎጃሜውማ እበቱ ላይ ሊወድቅ ነበር። በሚስት መረታት ያሳፍራል ይላሉ፤ በእውነት መረታት ግን አያሳፍርም። “እሺ፣ እሸከማለሁ” አልኩ። “ግን ሁላችሁም ማሉልኝ። ድንጋዩ ከአንገት አይጣል፤ ከእጅም አይወርወር። የሚወረውር ካለ ነገ ከቤቱ ይቅር።” ሁሉም ማለ።

ቅዳሜ ረፋድ ላይ ገበያው ሲሞላ ወጣን። ወንዱም ሴቱም ከኮሩ ድንጋይ እየመረጠ፣ በነጠላ እያመቻቸ በማጅራቱ ጫነ። በሱቆቹ መካከል ስናልፍ ገበያተኛው እህሉን እየተወ ይከተለን ጀመር። ከሱዳን ጨው የሚያመጡት ነጋዴ፣ ሐጂ የምንላቸው፣ ሱቃቸውን ቆልፈው አንድ ድንጋይ ተሸክመው ከሰልፉ ገቡ።

“ሐጂ፣ ድንጋይ ከየት አገኙ?” አለቻቸው አንዷ ሴት።

“ከሚዛኔ ላይ ነዋ!”

“በሚዛንዎማ ከሆነ ቀላል ናት! ለእኛ ጨው የሚመዝኑባት አይደለች?”

“ያ ዞላ፣ አንቺ ሰው! ዛሬ እንኳ ተይኝ” አሉ ሐጂ እየሳቁ። “ነገ አንቺው መዝኚበት።”

ወደ ሞት ሊሆን ወደሚችል ቦታ ሰው እየሳቀ ሲሄድ ያየሁት ያን ቀን ነው። ጣቢያው በር ስንደርስ ግን ሳቁ ቆመ። አስካሪዎቹ የጉማሬ አለንጋቸውን ይዘው ተደርድረዋል፤ ጠመንጃ የያዙት ከኋላ ናቸው። ካሚዮኑ መጥቶ ከመጋዘኑ አጠገብ ቆሟል። መኮንኑ ሽጉጡን ይዞ ወጣ። ድንጋዩን አየ፤ ያየው ግን የሚወረወር ድንጋይ ነው። ሕዝቡ ሊወግረው የመጣ መሰለው። በእሱ አገር ሰው ድንጋይ የሚያነሳው ለምን እንደሆነ አላውቅም፤ አልፈርድበትም። የሚፈረድበት ሳይጠይቅ በማዘዙ ነው።

“ድንጋዩን ጣሉና ተበተኑ ይላል” አለ ሹምባሹ።

“ሽማግሌዎቻችንን ይፍታልንና በእጁ ያንሳልን” አልኩ።

አለንጋው ጀመረ። ስለ ራሴ ስቃይ አላወራም፤ ግንባሬ ላይ ያለውን ጠባሳ ልጆቼ ያውቁታል። የምናገረው ስላየሁት ነገር ነው። የአንዲት ሴት ክንድ ሲሰበር አየሁ፤ ድንጋዩን በሌላው እጇ ደግፋ ቆመች። ሐጂ ጥምጥማቸው ተፈትቶ ትከሻቸው ላይ ወርዶ፣ የሚዛናቸውን ድንጋይ እንዳቀፉ ነበሩ። ከጎኔ የነበረው ጎረምሳ አፍንጫው ሲደማ፣ ድንጋዩን ከማጅራቱ ወደ መዳፉ ሲያመጣው አየሁ።

“መሐላህን!” አልኩት።

“ጋሼ፣ መኮንኑ ቅርብ እኮ ነው፣ አልስተውም” አለ እያለቀሰ።

“አውቃለሁ። መሐላህን።”

ድንጋዩን ወደ ማጅራቱ መለሰው። መኮንኑ የሚጠብቀው አንድ ውርወራ ነበር። ያቺ አንዲት ድንጋይ ብትበር ኖሮ ከኋላ ያሉት ጠመንጃዎች እንደሚናገሩ እሱም እኛም እናውቅ ነበር። ከዚያ ሁሉ ሕዝብ አንድም እጅ አልወረወረም። ብዙ ጀግንነት ሰምቻለሁ፤ የሚወረውረውን በእጁ ይዞ፣ እየተመታ፣ ያልወረወረ ሕዝብ ግን ያየሁት የራሴን ሕዝብ ነው። ይህን ስጽፍ አላፍርም።

መኮንኑ በዚህ ጊዜ ድንጋዩን ከአንገታቸው ንጠቁ ብሎ አዘዘ። አስካሪዎቹ አለንጋቸውን እንደያዙ ደርቀው ቀሩ። አብዛኞቹ ልማዱን የሚያውቁ ደገኞች ናቸው። ሹምባሹ ወደ ባለቤቴ ቀረበ፤ እጁን ግን አልዘረጋም።

“እቴ፣ አስቀምጪው” አላት ቀስ ብሎ።

“አንሳልኛ።”

“እኔ ካነሳሁ ማርኩ ማለት ነው። የመማር ሥልጣን የለኝም።”

“እንግዲያስ ሥልጣን ያለው ይምጣ” አለች።

የመጣው መኮንኑ ራሱ ነው። ሹምባሹን በክርኑ ገፍቶ አለፈ፤ ፊቱ እንደ በርበሬ ቀልቶ ነበር። በሁለት እጁ ከባለቤቴ ማጅራት ላይ ድንጋዩን መንጭቆ አነሳና ከእግሩ ሥር ወረወረው።

እልልታዋ ጆሮዬ ላይ ነው ያቃጨለው። “አነሳው! በእጁ አነሳው!” ብላ መሬት ሳመች። ሴቶቹ ተቀበሏት። ሐጂ “አልሐምዱሊላህ! ሹሙ ማረ!” ብለው ጮኹ። ለአንዱ የተነሳ ለሁሉም እንደተነሳ ነውና፣ ሰዉ ተራ በተራ እየሄደ ድንጋዩን ከበሩ ፊት በእርጋታ አስቀመጠ፤ ቁልል ሆነ። አስካሪዎቹ አለንጋቸውን ጠቀለሉ። አንዱማ ግንባሩን ሲያማትብ አይቻለሁ። ነገሩ ለእነሱ አልቋል፤ ድንጋዩ ከአንገቱ የተነሳለትን ሰው የሚመታ እጅ በመካከላቸው አልተገኘም።

መኮንኑ እንደገና ጮኸ። ሹምባሹ አልተረጎመውም። ይልቅ ወደ እሱ ዞሮ በቋንቋቸው ረዘም ያለ ነገር ነገረው። ምን እንዳለው እስከ ዛሬ አላውቅም፤ የማላውቀውን አልጽፍም። መኮንኑ አስካሪዎቹን አንድ በአንድ አየ፤ ቁልሉን አየ፤ የቆመውን ሕዝብ አየ። ከዚያ ወደ ውስጥ ገብቶ በሩን ዘጋ።

እኛም አልተንቀሳቀስንም። ፀሐዩ አናት ላይ ወጥቶ፣ ከአናት ወረደ። በኋላ ካሚዮኑ ተነሳ፤ የጫነው ቆዳና ባዶ በርሜል ብቻ ነበር። አቧራው ሳይወርድ የመጋዘኑ በር ተከፈተ።

ምሕረት አደረገ አልልም። መኮንኑ የለቀቃቸው በዚያች ሰዓት ከገዛ አስካሪዎቹ ጋር መጣላት ስላልፈለገ ይመስለኛል። ሌላ ሹምባሽ ቢሆን ኖሮ ሬሳችን ከበሩ ላይ ይነሳ ነበር። መንገዱንም አልሠራንም አልልም፤ አጭደን እንደጨረስን ወጥተን ድንጋይ ፈልጠናል። ያቺ የድንጋይ ቁልል ግን ጣሊያን እስኪወጣ ድረስ ከበሩ ፊት አልተነሳችም። አስካሪዎቹ ዞረው ያልፉ ነበር እንጂ የሚነካት አልተገኘም።

አማቴ በሁለት ሰው ተደግፈው ወጡ። ዓይናቸው ጎድጉዷል፤ ንዳዱ ያንቀጠቅጣቸዋል። ቁልሉን ሲያዩ ቆሙ።

“ማነው ድንጋይ የተሸከመ?” አሉ።

“እኛ ነን አባባ” አለች ባለቤቴ።

“ምን በድዬ ነው ድንጋይ የምትሸከሙልኝ? ለዚህ ነው ያሳደግሁሽ?”

እኔ ትናንት ያልኩትን ነበር ያሉት፤ ደስ አለኝ። እሷ ግን መልስ አላጣችም።

“አንቱማ ምን በደሉ፤ የበደለው እሱ ነው። መሸከም እንደማይችል አይተን እኛ ተሸከምንለት። ኋላ ላይ አፈረና መጥቶ ወሰደው።”

ሽማግሌው ሳቁና ሳል ያዛቸው። ሳሉ ሲለቃቸው ወደ እኔ ዞሩ። “ሰሊጡስ?”

“የታቹ መርገፍ ጀምሯል” አልኳቸው።

“ታዲያ እዚህ ምን ትገተራላችሁ?”

በቀጥታ ወደ እሳቸው ማሳ ሄድን፤ ደሙን ያልታጠበም አብሮ መጣ። ጎጃሜው፣ ያ ጎረምሳ፣ ማጭድ በአግባቡ መያዝ የማይችሉት ሐጂም ሳይቀሩ። አማቴ ነዶ ላስር ብለው እምቢ አሉንና ጥላ ሥር ተቀምጠው እየተንቀጠቀጡ አሰሩ። ባለቤቴ ከፊቴ ሆና ጎንበስ ብላ ታጭዳለች። በባዶ ማጅራቷ ላይ የድንጋዩ ሰንበር ቀልቶ ይታየኛል፤ ጥቁሩ ማተቧ በመሐሉ አልፏል። በሌላ ቀን ቢሆን ነጠላሽን ተከናነቢ እላት ነበር። ያን ቀን ግን ሁሉም ይየው ብዬ እስኪመሽ ድረስ ከኋላዋ አጨድኩ።