ሬዲዮው በፈረቃ መውጫ ለምን ያጉረመርማል

ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የወረድኩት የአንድ ሰው እንጀራ አደጋ ላይ ስለወደቀ ነው። ሰውየው አቶ ይመር ይባላሉ። ከኮምቦልቻ ወጣ ብሎ ባለ አነስተኛ የማረፊያ ሜዳ ይሠራሉ። በኮንትራት የምትበር አንዲት ትንሽ አውሮፕላን ስትመጣ ነፋሱ ከየት እንደሚነፍስ፣ ሜዳው ላይ ከብት መግባት አለመግባቱን በእጅ ሬዲዮ ለአብራሪው ይነግራሉ። ሰሞኑን አብራሪው እየደጋገመ ቢጠራቸውም መልሳቸው በጩኸት ተውጦበት፣ አውሮፕላኗ ሳታርፍ ተመልሳለች። አዲስ አበባ ያሉት አለቆች «ተኝቶ ነው» አሉ።

እኔ ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ ሰፈር ሬዲዮ እጠግናለሁ። ደውለው ጥፋቱ የሬዲዮው ይሁን የሰውየው አጣርቼ እንድነግራቸው ጠየቁኝ። የሰውየው ከሆነ ሊያሰናብቷቸው ነው። ሰው መመርመር ሙያዬ አይደለም፤ ሬዲዮ ግን እመረምራለሁ ብዬ ተነሳሁ።

ከሰኞ ገበያ እስከ ሐረጎ

ጠዋት ሰኞ ገበያ ገብቼ መለዋወጫ ባትሪና አጭር አንቴና ፈለግሁ። ባትሪው አላስቸገረኝም። አንቴናውን ግን ሻጩ ከሽንኩርት ሚዛን ሥር ነው ያወጣልኝ፤ ዋጋውንም ሌላ ዘንድ የማይገኝ ዕቃ እንደያዘ ሰው ነው የጠራው። ጉሙ ስላልተገፈፈ ጃኬቴን እስከ አንገቴ ቆልፌ ሚኒባስ ተሳፈርኩ።

አጠገቤ የተቀመጡት ሽማግሌ ጭኔ ላይ ያለውን የእጅ ሬዲዮ ገልመጥ አደረጉት።

«ፖሊስ ነህ?»

«አይደለሁም፣ አባቴ። ጥገና ነው ሥራዬ።»

«እንግዲያስ ቦርሳህ ውስጥ ክተተው። አጠገቤ እንዲህ ይዘህ ብትቀመጥ ሰው የተያዝኩ ይመስለዋል።»

ከተትኩት። የሐረጎን ቁልቁለት እየተጠማዘዝን ስንወርድ ሙቀቱ ከታች ይቀበለን ጀመር። ኮምቦልቻ ስንገባ ጃኬቱ ሸክም ሆነብኝ።

ሜዳው

አቶ ይመር ቀጠን ያሉ፣ ጎልማሳነታቸው ወደ ሽምግልና ያዘነበለ ሰው ናቸው። ሬዲዮአቸውን ወገባቸው ላይ ሰክተው በሩ ላይ ጠበቁኝ። «አልሐምዱሊላህ፣ መጣህልኝ» አሉኝ። «ተኝተሃል ሲሉኝ ከርመዋል። ወላሂ፣ እዚህ ሜዳ ላይ እንኳን ሰው ውሻም አይተኛ።»

በእኛ ሥራ ጎረቤት ከመክሰስ በፊት የራስን ዕቃ መክሰስ ነው ደንቡ። ባትሪውን ቀየርኩ፤ አንቴናውን ቀየርኩ፤ ሬዲዮው አሁንም ያጉረመርማል። የሜዳው ጥበቃዎች ቤት ግድግዳ ላይ የተሰካ ርካሽ የስልክ ቻርጀር አየሁና ነቀልኩት። ጸጥ አለ። እኔም ኮራሁ፤ አቶ ይመርም ሽሮ በቃሪያ ጋበዙኝ።

ደስታዬ ከሽሮው አልዘለቀም። የፋብሪካ ፈረቃ ተለቆ ሠራተኞች በባጃጅም በእግርም መንገዱን ሲሞሉት፣ ቻርጀሩ ተነቅሎ ሳለም ሬዲዮው ማጉረምረም ጀመረ። አሁን የባሰ ነበር።

«ሁልጊዜ ፈረቃ ሲለቀቅ ነው» አሉ አቶ ይመር።

«ምነው ቀደም ብለው ቢነግሩኝ?»

«ማን ያምነኛል? ፋብሪካና አውሮፕላን ምን ያገናኛቸዋል?»

በእግር

ጩኸት የሚመጣበትን አቅጣጫ ለማግኘት ትልቅ መሣሪያ አያስፈልግም። ሬዲዮውን ደረት ላይ አስጠግቶ ቀስ እያሉ መዞር ነው፤ የሰው ገላ ስለሚጋርደው፣ ጩኸቱ የሚደክመው ምንጩ ከጀርባ ሲሆን ነው። እየዞርኩ፣ ጩኸቱ በደከመ ቁጥር ወደ ጀርባዬ በኩል ዞሬ ስራመድ ከአቶ ይመር ጋር ከተማ ገባን። አንድ የባጃጅ ሹፌር ቆም ብሎ «ጋሼ ይመር፣ ሰውየው ጂኒ ይዞት ነው?» ሲል ጠየቀ። «አብሽር፣ ሥራው ነው» አሉት።

ጩኸቱ በርትቶ ከየትም የሚመጣ ሲመስል አንቴናውን ነቀልኩት። ያለ አንቴና የሚሰማው ቅርብ ያለው ብቻ ነው። ወደ አንዲት ጠባብ መንገድ ስንታጠፍ የአቶ ይመር እርምጃ ቀርፈፍ አለ።

«ይህ'ኮ የእኔ ሰፈር ነው» አሉ።

ጩኸቱ ከአንድ የቆርቆሮ በር ፊት አቆመኝ። ቀና ስል ጣሪያው ላይ ረጅም ብረት፣ ብረቱ ላይ አንቴና ታስሯል። ቤቱ የአቶ ይመር ነበር።

ነገሩን ደጃፋቸው ድንጋይ ላይ ተቀምጠው አስረዱኝ። ግድግዳ የሚጋሯቸው ጎረቤታቸው እትዬ ብርሃኔ በጨርቃ ጨርቅ ሥራ ጡረታ የወጡ፣ እግራቸው የማይታዘዝላቸው የወንጌል አማኝ ናቸው። የጸሎት ኅብረታቸው ወጣቶች የፋብሪካ ሠራተኞች ስለሆኑ ፈረቃ አላገናኝ ይላቸዋል። ስለዚህ ትንሽ የኤፍ ኤም ማሰራጫ ገዙ። ፈረቃ ሲለቀቅ እትዬ ብርሃኔ የተቀዳ መዝሙርና ስብከት ያጫውታሉ፤ ልጆቹ በየኪራይ ክፍላቸው በስልካቸው ሬዲዮ ይሰማሉ። የእሳቸው ቤት ዝቅ ያለ ስለሆነ አንቴናው አቶ ይመር ጣሪያ ላይ ተተከለ።

«ጎረቤቴ ናት» አሉኝ። «ጣሪያ ይነፈጋል እንዴ፣ ትከሉ አልኳቸው።»

ማሰራጫው ርካሽ ነው። ሲግል ከተሰጠው መስመር ገንፍሎ የአውሮፕላኗን የሬዲዮ መስመር ያጥለቀልቃል። ይህን ነግሬያቸው «ጣሪያው የእርስዎ ነው፤ ያውርዱት» አልኩ።

«አላወርድም።»

«ሥራዎ ነው የሚሄደው።»

«ይሂድ። ይመር የክርስቲያን ጸሎት ከጣሪያው ጣለ ከተባለ፣ ያንን ወሬ በምን አወርደዋለሁ? ጊዜው ለእንዲህ ያለ ነገር ክፉ ነው። እኔ ብነግራት ሃይማኖቴ የተናገረ ይመስላታል። አንተም ለአለቆቹ ሬዲዮው ደህና ነው በላቸው።»

ተናደድኩባቸው። ለሰው ጸሎት የራሳቸውን ጉሮሮ ሊዘጉ ነው። አከበርኳቸውም፤ ሁለቱም አንድ ላይ ተሰሙኝ። ከዚያ እትዬ ብርሃኔን እኔው ልንገራቸው ብዬ በራቸውን አንኳኳሁ።

እትዬ ብርሃኔ ዘንድ

እትዬ ብርሃኔ አልጋቸው ላይ ተደግፈው ተቀምጠዋል። ማሰራጫው አጠገባቸው በርጩማ ላይ ነው፤ ስነካው ያቃጥላል። ከማሰራጫው የሚወጣው ነገር አውሮፕላን ድረስ እንደሚሰማ ነገርኳቸው።

«አብራሪው መዝሙሩን ይሰማዋል?» አሉ ፊታቸው በርቶ።

«መዝሙር አይሆንለትም፣ እናቴ። ጩኸት ነው የሚሰማው።»

«እንዲያ ከሆነ ምን ይረባዋል» አሉና ትንሽ አሰቡ። «አውሮፕላን የሚያነጋግረው ይመር አይደለም እንዴ?»

«እሳቸው ናቸው። በዚህ የተነሳ ሊያሰናብቷቸው ነው።»

እትዬ ብርሃኔ እጃቸውን ዘርግተው የማሰራጫውን ገመድ ከሶኬቱ ነቀሉ።

«ይመር፣ ደጅ ቆመህ ምን ታደርጋለህ? ግባ» ሲሉ ተጣሩ።

አቶ ይመር መሬት መሬት እያዩ ገቡ። «ወላሂ፣ እኔ አልላክሁትም።»

«አውቃለሁ። ጣሪያህን ሰጠኸኝ፤ እኔ እንጀራህን ልውሰድብህ? ጌታም አይወድልኝ።»

«ልጆቹስ?»

«ልጆቹ እግር አላቸው፤ እግር የሌለኝ እኔ ነኝ። ከፈረቃ ሲወጡ እዚህ ይምጡ።»

መልስ

ኮምቦልቻ አድሬ በማግስቱ ሜዳው ላይ ተገኘሁ። አውሮፕላኗ የመጣችው ልክ ፈረቃ ሲለቀቅ ነበር። አቶ ይመር ሬዲዮውን በሁለት እጃቸው ይዘው ነፋሱን ተናገሩ፤ ከብት እንደሌለም ነገሩት። «ጥርት ብሎ ይሰማኛል» አለ አብራሪው። ለአለቆቹ ደውዬ ጩኸቱ ከውጭ የመጣ እንደነበር፣ እንደቆመም፣ ሰውየውም ነቅተው እንደሚሠሩ ነገርኳቸው። በሥራቸው ይቀጥሉ አሉ።

ልሰናበታቸው ቤታቸው ስደርስ አንቴናው የለም። ብረቱ ግን ቆሟል፤ ጫፉ ላይ ከአሮጌ ነጠላ የተቀደደ ጨርቅ ይውለበለባል።

«ብርሃኔ ናት የሰጠችኝ» አሉ። «ከቤት ሳትወጣ ነፋሱን እየው አለችኝ።»

ሐረጎን ስወጣ ጃኬቴን መልሼ ለበስኩ። በዚህ መንገድ የተማርኩት ከሙያዬ ውጭ ነው፦ ጩኸት ያለበትን ቤት ማግኘት እችላለሁ፤ በዚያ ቤት ማን ለማን ብሎ ምን እንደተሸከመ ግን ገብቶ መጠየቅ ያስፈልጋል።

ቧንቧ ውሃ ቤቴ ገብቼ ሳላርፍ አቶ ይመር ደወሉ።

«ሬዲዮው ተመለሰበት?» አልኩ ደንግጬ።

«ሬዲዮውማ ጸጥ ብሏል። ቤቴ ነው ጸጥ ያላለው። ልጆቹ ከየፈረቃቸው እየወጡ ብርሃኔ ዘንድ ተሰብስበው ይዘምራሉ፤ ግድግዳው የአንድ ጭቃ ውፍረት ነው፣ እንቅልፍ የሚባል የለም።»

«ታዲያ ምን አሏቸው?»

«ምን እላለሁ» አሉ እየሳቁ። «ይኼኛው አውሮፕላን ጋ አይደርስም።»