ቆቦ ላይ ብርድ

ልጄ ጢም ማብቀል ከጀመረ በኋላም ጤና ጣቢያ ስንሄድ የምንገባው በሕፃናቱ ክፍል ነበር። ጡት በሚጠቡት መሃል ረጅም እግሩን አጥፎ ይቀመጣል። ነርሷ ከትንሽነቱ ታውቀዋለች፤ ሲያመው ምንም ሳትጠይቅ ማስታገሻውን ትሰጠንና «ውሃ አጠጡት» ትላለች። እኔም የምወዳት ስለማትጠይቅ ነው።

በማሽላ አጨዳ ሰሞን ወገቡንና እግሩን ቢይዘው ወሰድሁት። «አሁንማ ጎረምሳ ሆኗል፤ ከዛሬ ወዲያ በአዋቂዎቹ በር ነው» አለችኝ። አንዲት እናት «እኛማ የማንኛችን ባል ነው እያልን ነበር!» ብላ ሳቀች። ልጄ አንገቱን ደፋ።

በአዋቂዎቹ በር ያለው ጤና ረዳት አያውቀንም። ጊዜው ደግሞ ወጣት ለውትድርና የሚታፈስበት ነውና ጎረምሳ ሁሉ «አመመኝ» ባይ ነው።

«በሽታህ ምንድን ነው?» አለው።

«ብርድ ነው።»

«ቆቦ ላይ ብርድ? በዚህ ሐሩር?»

ወረፋተኛው በሳቅ አውካካ። «ግንባር ሲሄድ ይለቀዋል!» አለ አንዱ ከኋላ።

ልጄ ዞሮ እኔን አየኝ። ብርድ ነው ብዬ ያሳደግሁት እኔ ነኛ። ደሴ የመረመረው ሐኪም የነገረኝ ሌላ ነበር፤ የደሙ ቅንጣት ክብ መሆን ሲገባው እንደ ማጭድ እየተቆለመመ ደም ሥሩ ውስጥ ይቀረቀራል፣ ከእናቱም ከእኔ ከአባቱም የወረሰው ነው ብሎኛል። በዘር ነው ከተባለ እኅቱን ማን ያገባታል ብዬ ዋጥሁት።

ጤና ረዳቱ «በል ውጣ፣ ሌላ ሰው ይግባ» ሲለው ነው አፌን የከፈትሁት።

«የኔ ጌታ፣ ደሙ ነው... ማጭድ ነው።»

«አልሰማሁም አባባ፣ ጮክ ይበሉ።»

ጮክ አልሁ። በዘር መሆኑንም ጨመርሁ። ሳቁ ቆመ። ከወረፋው አንድ የሰፈራችን ሰው ነበር፤ ዓይኑን ከእኔ አሸሸ።

ጤና ረዳቱ ለልጄ ወንበር ሳበለትና ይጠይቀው ጀመር። መቼ እንደሚብስበት ሲጠይቀው እኔ ልመልስ ስል፣ «አባባ፣ ያመመዎት እርስዎን ነው?» አለኝ። ልጄ፣ እንዳንሰማው ጋቢውን ነክሶ እንደሚያድር ሲናገር ከዚያው ቆሜ ሰማሁ።

ስንመለስ እያነከሰ ቀደም ቀደም ይላል።

«አባ፣ ማጭድ ነው ያልኸው?»

«አዎ ልጄ።»

«ማጭድ» አለ፣ እንደሚያጠና ሰው። ጥቂት ሄደና፣ «ከእንግዲህ ለሚመረምረኝ እኔው እነግረዋለሁ። አንተ በር ላይ ቆየኝ» አለኝ።

ከዚያ ወዲያ በር ላይ ነው የምቆየው።